ሁለት ላይ የሚነሳው

ሰው ማንሳት የተማርኩት በባሌ ላይ ነው። የነርስ ረዳትነት ፈተና ሲቃረብብኝ፣ በሰው አገር፣ አፕል ቫሊ በምትባል ከተማ ባለችው አፓርታማችን ሶፋው ላይ በሽተኛ ሆኖ ይቀመጥልኛል። ትምህርት ቤት በሽተኛው ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ቀበቶ አለ፤ እኔ ቤት ስላልነበረኝ የእናቴን መቀነት አስርለታለሁ። "አራስ አስመሰልሽኝ እኮ" እያለ ይስቃል።

ጉልበቴን ከጉልበቱ አስጠግቼ፣ መቀነቱን ከጀርባው ይዤ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ማንሳት ነበረብኝ። እሱ ግን ሁለት ስል ብድግ ይላል። ሰውነትህን ጣልልኝ ስለው እሺ ይላል፤ ተመልሶ ሁለት ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ፣ እንዲህ ከሆነ በአንተ ምክንያት ፈተናውን መውደቄ ነው አልኩት።

"ታዲያ አንቺ ስትሸከሚኝ ዝም ብዬ ልቀመጥ?" አለኝ።

ፈተናውን እንደምንም አለፍኩ። እጄ የተፈታው ግን ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንዲት አሮጊት ብብቴን አሳመምሽኝ ብላ አለቀሰችብኝ፤ እኔም ሻወር ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በነጋታው ስህተቴ የቱ ጋ እንደሆነ አንድ የቆየች ሠራተኛ ጠይቄ፣ እግሬን አራርቄ መቆም ጀመርኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፤ የእኔም ሄደ። የማነሳው ሰው ገና ሳይነሳ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቃለሁ። ትከሻው ላይ እጄን ሳሳርፍ መፍራቱን አውቃለሁ። አዲስ የተቀጠሩትን እኔን እንዲያዩ ያመጧቸው ጀመር፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ባሌን ስትሮክ መታው። ዕድሜውን በትራክ ሾፌርነት የጨረሰ ሰው ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት ከሆስፒታል ቤት መጣ። በመጀመሪያው ጠዋት የሥራዬን ቀበቶ አስሬ፣ ቆጥሬ፣ ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ አዛወርኩት። እህ እንኳ አላለም። ከዚያ አሳምሮ ማንም ሊያነሳው አይችልም ነበር።

"እዚያም እንዲህ ነው የምታነሺያቸው?" አለኝ፣ ቃላቱ እየተጎተቱ።

"አዎ" አልኩት፣ ያመሰገነኝ መስሎኝ።

"እኔንም እንደነሱ አነሳሽኝ" አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ በረዶ እየጣለ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁበት እጅ ለባሌ የባዕድ እጅ ሆነበት።

በማግስቱ መቀነቱን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አሰርኩለት። እንደ ድሮው ልሳሳት ፈለግኩ፤ ተንገዳግደን፣ ሶፋው ላይ ተያይዘን ወድቀን ልንስቅ። እጄ እምቢ አለኝ። እግሬ ሳላዘው ቦታውን ያዘ፣ ጉልበቴ ጉልበቱን አገኘው። መቀነቱ የእናቴ ነው፤ የያዘችው ግን ሚስቱ ሳትሆን የነርስ ረዳቷ ነች። አልቅሼ ልተወው ትንሽ ቀረኝ።

"አንድ" አልኩ። "ሁለት።"

ደህናው ትከሻው ብድግ አለ። ሌላው ሰውነቱ ከአልጋው አልተነቃነቀም። ግንባሩ በላብ ራሰ።

"ተነሳሁ?" አለኝ።

"ተነስተሃል" አልኩትና ሦስት ሳልል አነሳሁት።

እስኪሞት ድረስ ለእሱ ሦስት ብዬ አላውቅም። ሥራ ቦታ ግን ዛሬም እላለሁ፤ ሁለት ላይ የሚነሳልኝ ማን አለ።