ለነገ ያስቀመጥኩት ምዕራፍ

ልብ ወለድ ሳነብ የመጨረሻውን ምዕራፍ አላነብም ነበር። ጨርሶ አላነበውም ማለቴ አይደለም፤ አስቀምጠዋለሁ። ሁለት ሰዎች ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲናቆሩ፣ ሲኳረፉ፣ አንዱ የሌላውን ጃንጥላ ሲደብቅ ይቆዩና ልክ ሊነጋገሩ ሲሉ፣ እዚያ ላይ ከፋብሪካ ያመጣሁትን የጨርቅ ቁራጭ ምልክት አድርጌ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት። በእነዚያ ቀናት ሰዎቹ አብረውኝ ይውላሉ። "ዛሬ ልንገራት ወይስ ነገ?" እያለ የሚጨነቀውን ሰውዬ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። እህቴ "አንቺ ልጅ፣ ለይቶልሻል" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነበር።

እንዲህ ዓይነቱን ልብ ወለድ ሰው ሲያጣጥልብኝ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። "መጨረሻው ይታወቃል" ይሉኛል። ታዲያ ምን ይሁን? እንደሚጋቡማ ገና ሽፋኑን ሳየው አውቄዋለሁ። እኔን የሚያጓጓኝ እስኪጋቡ ድረስ የሚሠሩት ሞኝነት ነው። እሷ ሻሂ ስትቀዳለት ሆን ብላ ስኳሩን ትረሳለች፤ እሱ መራራውን ጭልጥ አድርጎ "ጣፈጠኝ" ይላል። እዚህ ላይ ነው የምሞትላቸው! በሁለተኛው ገጽ የሚሳሳሙ ሰዎች ታሪክ ግን እንቅልፌን ነው የሚያመጣው።

ከአዲስ አበባ መንግሥት ተለይተን ነጻነቱ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ቤታችን ቃሓውታ የሚባል ሰፈር ነበር። ሥራዬ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ሸሚዝ መመርመር ነው፤ ኮሌታው የተጣመመውን እመልሳለሁ። አማርኛ ያነበብነው ትምህርት ቤት ነውና ዘመኑ የትግርኛ ቢሆንም ልብ ወለድ ሲያምረን ወደዚያው እንሮጣለን። ወደ አዲስ አበባ የሄዱ ቤተሰቦች ትተዋቸው የሄዱትን መጻሕፍት ሰብስበው ፌርማታ አጠገብ የሚያከራዩ አንድ አዛውንት ነበሩ። በጋዜጣ ሸፍነው ነበር የሚሰጡን። አንባቢው ሁሉ ጠርዙ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ከልክለው ከልክለው ሲደክማቸው አንድ ሕግ አወጡ። መጻፍ በእርሳስ ብቻ ነው። መጽሐፉ ሲመለስ ደግሞ ፊታቸው ቆሞ በላጲስ ማጥፋት ግድ ነው። "ቀጣዩ የራሱን ይጻፍበት" ይሉ ነበር።

እሱን ያገኘሁት ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ የስፌት ማኪናዎቹ መካኒክ ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁን ዘይት የማይለቀው ሰው። መጀመሪያ የተጣላነው በኮሌታ ነው። "ዛሬ አርባ ኮሌታ መለስሽ፤ ማኪናዬን ልታሰድቢው ነው?" ብሎ መጣብኝ። "ማኪናህ ክር ይበላል፤ ቁርስ አብልተህ አምጣው" አልኩት። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አየና ገልጦ ሁለት ገጽ እዚያው ቆሞ አነበበ።

"ይቺ ሴትዮ ሰውየውን ትወደዋለች" አለ።

"በሁለት ገጽ ምን አውቀህ?"

"ስድቧ ረዘመ።"

ሳቄ መጣ። እንዳያየኝ አጎነበስኩና ሌላ ኮሌታ መለስኩበት።

ከዚያ በኋላ አንድ መጽሐፍ ለሁለት መከራየት ጀመርን። እሱ ፈጣን ስለሆነ ቀድሞ ያነብና ጠርዙ ላይ ይጽፋል፤ እኔ ተከትዬ አነብና ከሥሩ እመልስለታለሁ። ወደ አዛውንቱ ከመሄዱ በፊት መልሴን አንድ ቀን ወስዶ ያያል። በአፍ የምናወራው በትግርኛ ነው፣ ያውም ስለ መርፌና ስለ ክር። በእርሳስ ግን በአማርኛ ሌላ ሰዎች ሆንን። ሴቲቱ በሩን ድርግም አድርጋ ስትገባ "ይቺ ኮሌታ የምትመልስ አንዲት ሴት ትመስላለች" ብሎ ይጽፋል። እኔ ደግሞ "ሰውየውም ዘይት ዘይት ይሸታል" እላለሁ። ስዘገይ አይጠይቀኝም፤ ቀስ ብላ ነው የምታነበው ብሎ ያስባል። የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደማስቀምጥ አልነገርኩትም። አንድ ቀን ደግሞ የመጽሐፍ መጨረሻ ሊነግረኝ ሲል ጆሮዬን ይዤ ጮኼበታለሁ፤ ስለዚህ ስለ መጨረሻ ማውራት በመካከላችን ነውር ሆኖ ቀረ።

አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። እንደምወደው አውቅ ነበር። እንደሚወደኝም አልጠፋኝም። ግን ምን አስቸኮለን? መሐል ላይ ነን፣ የሚጥመው ገና ነው እል ነበር በሆዴ።

አንድ ማክሰኞ በአንድ ቧንቧ ውኃ ዕድሜ ልካቸውን ስለሚጣሉ ሁለት ጎረቤቶች የሚያወራ መጽሐፍ አመጣልኝ። ሲሰጠኝ ቶሎ አልለቀቀውም።

"ይህን እንኳ እስከ ዓርብ ጨርሺው" አለኝ።

"ምነው፣ የሚያባርረን አለ?"

"ሕራይ፣ እንዳልሽ" አለና ፈገግ ብሎ ሄደ።

በሦስት ቀን አነበብኩት። ጎረቤቶቹ ሊነጋገሩ ሲሉ የጨርቄን ቁራጭ ከተትኩና ዘጋሁት።

እሑድ ዓዲ ጓዕዳድ አክስታችን ዘንድ ልንሄድ ከእህቴ ጋር አውቶቡስ ተሳፈርን። ሰምበል፣ አዲሶቹ ሕንጻዎች አጠገብ ያለው ፌርማታ ላይ ስንቆም እሱን አየሁት። ጥቁር ኮት ለብሷል። ፀጉሩን ተቆርጧል፤ ጫማው ያበራል። ሠርግ የተጠራ መሰለኝ። በመስኮቱ ሲያየኝ ፊቱ ፈካ፤ ወደ አውቶቡሱ በር መራመድ ጀመረ። እኔ ደግሞ አንገቴን አውጥቼ "ማንን ነው እንዲህ ተሞሽረህ የምትጠብቀው? እዚያው ቆመህ ቅር!" ብዬ ጮህኩና በሳቅ ፈነዳሁ። እህቴም ሳቀች። አውቶቡሱ ተነሣ። ዞር ብዬ ሳየው እጁን ከፍ እንዳደረገ ቆሟል።

ሰኞ ጠዋት "እንደምን አደሩ" አለኝ፣ እንደ እናቱ እኩያ አንቱ ብሎ። የተሰማኝን ደስታ አልነግራችሁም! አኮረፈ! የኩርፊያው ምዕራፍ ደረሰ አልኩ። በኩርፊያ ደግሞ ማን ይበልጠኛል? እኔም ጀርባዬን ሰጠሁት። ማኪና ሊሠራ በአጠገቤ ሲያልፍ ጣሪያ ጣሪያ አያለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን። መጽሐፉንም አልነካሁትም፤ ስንታረቅ ነው የማነበው ብዬ ኪራዩን በየሳምንቱ አራዝማለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ዓርብ የክፍላችን ኃላፊ፣ እሱ ምጽዋ ወደብ ሥራ ማግኘቱንና ያ ቀን የመጨረሻው መሆኑን ነገረችን። ሁሉንም ዞሮ ጨበጠ። እኔ ጋ ሲደርስ "የቐንየለይ" አለኝ። አመሰገነኝ፣ በቃ፣ ሌላ ምንም። እቤት እንደገባሁ፣ ሰዎች እንዴት እንደሚታረቁ ልይ ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩ።

የመጨረሻው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ "እነዚህ እንኳ ተነጋገሩ። እሑድ አራት ሰዓት ሰምበል ፌርማታ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልመጣሽ መልስሽ ገብቶኛል፤ ሁለተኛ አላነሣብሽም።"

አወይ ጉዴ! እዚያው ቆመህ ቅር ነበር ያልኩት። በአውቶቡስ መስኮት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እስከዚህ ያለውን ስሕተት ልበለው፤ ማንም ሰው ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ ላደረግሁት ግን ምክንያት የለኝም። እህቴ ጉዱን ስትሰማ "ነገ ጠዋት ተሳፈሪና ውረጂ፤ ምጽዋ ስንት ሰዓት መንገድ ነው?" አለችኝ። "ካፈርሽ ደብዳቤ ጻፊለት።" እምቢ አልኩ። ለፋሲካ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። መጽሐፉን አወጣለሁ፣ ጨርቄ የቱ ገጽ ላይ እንደነበረ አሳየዋለሁ፣ እሱ መጀመሪያ አያምንም፣ ከዚያ ይደነግጣል፣ ከዚያ አብረን እንስቃለን። አሳምሬ ሠራሁት! ሁለት ወር ሙሉ በየአውቶቡሱ እሱን እያሰብኩ ሳቅሁ። የማፍረው በዚህ ነው። ሰውየው ልቡ ተሰብሮ ወደብ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ መጠበቁን ወደድኩት።

ለፋሲካ መጣ። ከእናቱ አገር ልጅ አጭተውለት ኖሮ የሠርግ ጥሪ ይዞ ፋብሪካ ድረስ መጣና ለእያንዳንዳችን አደለ። የእኔን ሲሰጠኝ ዓይኑ ላይ ቂም አልነበረም። ምነው በነበረ! መጽሐፉን ለዚያ ቀን ብዬ ከቤት አምጥቼዋለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ እጄን ዘርጋ ባደርግ አገኘዋለሁ። አልዘረጋሁም። የታጨችለት ልጅ ምን አደረገች? እሱስ ምን በደለ?

"እንኳን ደስ አለህ" አልኩት።

"የሠርጌን ሸሚዝ ከዚህ ነው የወሰድኩት" አለኝ፣ ወደ ድሮው አንቺታ ተመልሶ። እጥፉን ሸሚዝ ከቦርሳው አወጣው። "ኮሌታውን ታይልኛለሽ?"

አየሁለት። ሁለት ጊዜ በጣቴ ዳሰስኩት። "ቀጥ ያለ ነው፤ አልመልሰውም" አልኩት።

በማግሥቱ መጽሐፉን ለአዛውንቱ ልመልስ ሄድኩ። ላጲሱን ሰጡኝና ገጽ በገጽ ሲገልጡልኝ የእሱንም የእኔንም አንድ በአንድ አጠፋሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። ቀና ብለው አዩኝ።

"ሄድሽ እንዴ፣ ጓለይ፣ ልጄ?"

"በዚያ በኩል አለፍኩ" አልኳቸው።

መጽሐፉን ይሽጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ሦስት ወር አንቺ ጋ ከረመ፤ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ" አሉና ገጹን በሁለት ጣታቸው ወጥረው ያዙልኝ። ላጲሱን ጫን ማድረግ አላስፈለገኝም። በስሱ ነበር የጻፈው፤ ወዲያው ጠፋ።