ሐሙስ የተለጠፈው የእናቴ ለቅሶ

ወንድሜ በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ምን ማየትና ምን መስማት እንዳለባቸው ይነግራል። አንድ ፊልም፣ አንድ ተከታታይ ድራማ፣ አንድ ሙዚቃ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በከፈተው ቻናል ላይ ይጽፋል፣ ሰዉም አምኖት ያያል፣ ይሰማል። እኔም አምኜው ነበር። ከማመንም አልፌ አገልጋዩ ነበርኩ። ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ቤት አለኝ። ዝርዝሩን ሐሙስ ጠዋት በትልልቅ ፊደል አትሜ የሱቄ መስታወት ላይ እለጥፈው ነበር። ጉብሬ ካምፓስ የሚማሩት ልጆች ማስታወሻ ሊያባዙ ሲመጡ ቆመው ያነቡታል፣ በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል። «የማን ምርጫ ነው?» ሲሉኝ «የወንድሜ» እላለሁ፤ ያኔ የሚሰማኝን ኩራት አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

የመረጠው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ «ሳታዩት እንዳትሞቱ» ያለው ፊልም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ለሦስት ሰዓት ያህል በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። የሚያየውን ነገር እንኳ አያሳዩንም። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለት ቀን ፈጅቼ ከጨረስኩት በኋላ ደወልኩና «ምኑን ነው የወደድከው?» አልኩት። «ዝምታውን» አለኝ። «ዝምታ ካማረህ መብራት ሲጠፋ እኛ ጋ ና» አልኩት፤ ሳቀ። ደግሞ ያዘዘን አንድ ድራማ ነበር፣ ስለ ሦስት ምራቶችና ስለ አንዲት አማት፤ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሱቃችንን በጊዜ እየዘጋን ነው አይተን የጨረስነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ያመንኩት።

ያን ሐሙስ ፊልሙን ረስቼዋለሁ፣ ድራማውንም። ሙዚቃው ላይ የጻፈውን ግን አልረሳውም፦ «ከጉራጌ ምድር የተገኘ፣ የማትታወቅ ሴት ድምፅ። ቃሉ ባይገባችሁ ነፍሳችሁ ይገባዋል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።» ጉራጌ የሚለውን ሳይ ደስ አለኝ። እንኳን ልሰማው ቀርቶ ደግሜም አላነበብኩትም። ያቺን ቃል ከሌላው አጉልቼ፣ አድምቄ አተምኩና ለጠፍኩት።

ረፋዱ ላይ አንዲት ተማሪ አርባ ገጽ እያባዛሁላት ቆማ ስትጠብቅ ስልኳን ከፈተች። መጀመሪያ ከኮምፒውተር የወጣ ከበሮ መጣ። ቀጥሎ ሳግ ያለበት የሴት ድምፅ። ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ተነክሶ ሲንጫጫ አልሰማሁትም። የማትታወቀዋ ሴት እናቴ ናት።

አባቴ የሞተው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ እምድብር አቅራቢያ ባለው መንደራችን። ወንድሜ ያን ጊዜ ለፊልም ሥራ ራቅ ያለ አገር ሄዶ ስለነበር ለቀብሩ ሊደርስ አልቻለም። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ደውሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አዶት ስታለቅስለት ልስማ» አለኝ፤ እናታችንን በቤታችን ቋንቋ አዶት ነው የምንላት። «ቅጂልኝና ላኪልኝ፣ እኔም አብሬ ላልቅስ።» ስልኬን በነጠላዬ ሸፍኜ ቀዳሁና ላክሁለት። ማንም አላየኝም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ ያን ቀን ደግም ነበር።

እኛ ጋ ለቅሶ ሲሆን ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ በጉራጊኛ ይገጥማሉ፣ የሟቹን ኑሮ እያነሱ። በመንደራችን ቀድማ የምታነሳው እናቴ ነች። ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ ውስጥ «መጣች?» እየተባለች የምትጠበቅ ሴት ናት። ታዲያ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ በለቅሶ ላይ የተባለ እዚያው ይቀራል። እዚያ ባልና ሚስት የተኳረፉበት፣ ወንድማማች የተካካደበት ሁሉ ይነሳል፤ በማግስቱ ግን አንድም ሰው «እንዲህ ብለሽ ነበር» አይልም። ሁለተኛው፣ ሰው ሳይሞት አይለቀስም፤ ሟርት ነው። ልጆች ሳለን እኔና ወንድሜ የሞተች ዶሮ ይዘን የእሷን ለቅሶ እየመሰልን ስንጫወት ደረሰችብን። እናቴ በእድሜዋ እጇን ያነሳችብን ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለታችንንም ነው የመታችን፣ ስለዚህ ወንድሜ አላውቅም ነበር ሊል አይችልም።

ለአባቴ ያለችው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ የባሕር ዛፉን መሬት ሸጠህ ልጅህን ከተማ ሰደድክ። እኔ ተቆጥቼ ዓመት ሙሉ ምግብህን አቀረብኩልህ እንጂ ቃል አልሰጠሁህም። ዛሬ ላናግርህ መጣሁ፣ አንተ በተራህ ዝም አልክ።

መሬቱ የተሸጠው ወንድሜ ፊልም እንዲማር ነው። እነሱ ዓመት ሙሉ መኳረፋቸውን እኛ ልጆቻቸው እንኳ የሰማነው ያን ዕለት ነው። ይህን ነው እንግዲህ ከበሮ ከሥሩ ገጥሞ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት ያለው። አዲስ አበባ ያሉት አብዛኞቹ ቃሉ አይገባቸውም፣ እየተወዛወዙ ይሰሙታል። ወልቂጤ ላይ፣ እምድብር ላይ፣ ቡታጅራ መንገድ ላይ ግን የሚገባው ሞልቷል።

ወረቀቱን ከመስታወቱ ስቀድ ጥፍሬ ተሰበረ። ደወልኩለት።

«እትዬ፣ ሰማሽው?» አለኝ ገና ሲያነሳው፣ እየሳቀ። ምስጋና ነው የጠበቀው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ስሟን አልጻፍኩም እኮ። ማንም አያውቃትም።»

«እዚህ የማያውቃት ማነው? ድምጿን ሰምቶ የማይለያት ሰው ጥራልኝ።»

«እትዬ፣ ይሄ ጥበብ ነው። ሰዎች እያለቀሱ ነው የሚጽፉልኝ። በሷ ድምፅ እኮ ሰው እየተፈወሰ ነው።»

«አጥፋው።»

 ከዚያ የሰለጠነ ሰው ለባላገር በሚያስረዳበት ቃና፣ እሱ ቢያጠፋው እንኳ ብዙ ሰው እንደወሰደው፣ ከበሮውን የሠራለት ጓደኛው በራሱ ገጽ እንደጫነው፣ አሁን ነገሩ ከእጁ እንደወጣ ነገረኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ከአፏ ያወጣችው ግን እሷ ለባሏ ነው፤ አፋፍ ላይ የሰቀላት እሱ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ወንድሜ ነው። ለማያውቁት ሰዎች «ውድ ቤተሰቦቼ» እያለ ይጽፋል፣ የወለደችውን «የማትታወቅ ሴት» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ መስታወቴ ላይ ምንም ለጥፌ አላውቅም። ተማሪዎቹ «የዚህ ሳምንት የለም እንዴ?» ሲሉኝ «የለም» እላለሁ፣ አንዳንዱን ያለ ጥፋቱ አመናጭቄዋለሁ።

ሁለት ወር ያህል የሚያልፈው ባጃጅ ሁሉ እሱኑ ከፍቶ ነበር የሚያልፈው። በሠርግ ላይ ሳይቀር ተከፍቶ ሰምቻለሁ፤ ሙሽሮቹን አጅቦ በመጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ሚዜዎቹ ትከሻቸውን እየነቀነቁበት። ሄጄ ሾፌሩን ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ ነው የምሰድበው? ሰውየው ዘፈን ነው የከፈተው።

እናቴ ዓይኗን ለመታየት ወልቂጤ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ባጃጅ ሳስቆም ቀድሜ ጆሮዬን አስገባ ነበር፤ ዘፈን የከፈተውን እንዲሄድ እለዋለሁ። እሷ «ምን ሆነሽ ነው ባጃጅ እንደ በሬ የምትመርጪው?» አለችኝ። አንዱ ጸጥ ያለ ነበርና ገባን። ከአስፋልቱ ሳንታጠፍ ሾፌሩ መሪው አጠገብ ያሰረውን ስልክ ነካ።

እናቴ አንገቷን ወደ ፊት ዘለግ አደረገች። ገና አላወቀችውም፣ የሰማችው ለቅሶ መሆኑን ብቻ ነው። «ማን ሞቶ ነው ልጄ?» አለችው ሾፌሩን።

«ማንም አልሞተም እማማ፣ ዘፈን ነው» አላት፤ በጣቶቹ መሪውን እየጠበጠበ።

«ዘፈን» አለች እሷም።

ከዚያ የባሕር ዛፉ ግጥም መጣ። እጇ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ አነሳችው። ከጎናችን የተቀመጠች አንዲት የአገራችን ሴት መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ እናቴን አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ ስባ ወደ መንገዱ ዞረች። ገብቷታል። «ዝጋው» አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ መሰለኝ ሾፌሩ ደንግጦ ዘጋው።

ክሊኒኩ ውስጥ ዓይኗ ላይ ጠብታ አደረጉላትና አግዳሚ ወንበር ላይ እንድንጠብቅ ነገሩን። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ማን ቀዳኝ?»

«እኔ።»

«ለማን?»

«ለወንድሜ። ለቀብሩ ስላልደረሰ።»

«ለሱ መስጠትሽ ደግ ነው» አለች። «አባቱን ያልቀበረ ልጅ ነው።» ከዚያ «ባጃጁ ውስጥስ ማን አስገባኝ?» አለችኝ።

መልሱን ታውቀዋለች። ልትሰማው ፈልጋ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔም ነገርኳት። ብትረግመው ደስ ይለኝ ነበር። ብትረግመኝም። ሆድ ይፍጀው ብላ መድኃኒቷን ተቀብላ በዚያው ቀን ወደ አገሯ ተመለሰች። ገበያ መውጣት እንደተወች፣ ውሃ ወርዳ ከሴቶች ጋር እንኳ እንደማትቆም ከጎረቤቶቿ ሰማሁ።

ለመስቀል ወንድሜ መጣ። አዲስ ጋቢ አመጣላት፤ ከቻናሉ ላይ ማጥፋቱን ነገራት። እሷም እንደ ሁልጊዜው መረቀችው፣ ክትፎውን ከነቆጮው አቀረበችለት። ይቅር ያለችው መሰለው። እየጎረሰ ስለሚቀጥለው ሐሙስ፣ ስለ አንድ ድንቅ ፊልም አወራኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው? እናቴ የአባቴን ምግብ ዓመት ሙሉ እንዴት እንዳቀረበችለት ያወቀው እኮ ከለቅሶዋ ነው፤ ስንት መቶ ጊዜ ሰምቶታል። ሳህኑን ከፊቱ ላነሳበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ጥር ካለፈ በኋላ የእናቴ ታናሽ እህት ሞተች። ከወንዙ ማዶ ነበር ቤቷ። ሁለቱ በወንዙ ግራና ቀኝ ተድረው፣ አርባ ዓመት እንሰታቸውን አብረው ሲፍቁ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ወንድሜም እኔም ደረስን። ሴቶቹ ለእናቴ ቦታ ለቀቁላትና ክብ ሠርተው ጠበቁ። ከኋላ ያሉት ልጃገረዶች አንዷ ሌላዋን በክርን ነክታ «እሷ ናት» ስትል ሰማሁ፤ ሁለቱ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያዙ። እጃቸውን ይዤ ወደ ታች አወረድኩት። አንደኛዋ እንደ እብድ አየችኝ።

እናቴ ደረቷን መታች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ መታች። ቃል አላወጣችም። ሴቶቹ ጠበቁ፣ ጠበቁና አንዲት ጎረቤት ፈራ ተባ እያለች አነሳችው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ደህና ለቅሶ ነበር። እናቴ ደረቷ እስኪቀላ ድረስ እየመታች፣ አፏን እንደዘጋች እህቷ ወጥታ ተቀበረች።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሥር ወንድሜ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ አብጧል፤ አክስታችንን ይወዳት ነበር፣ ይህን አልነፍገውም። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ አዶት ምን ሆና ነው ቃል ያላወጣችው? የገዛ እህቷ አይደለችም?» አለኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንገቱን ላንቀው ተነሳሁ። እናቴ ግን ከኋላችን ነበረችና ሰምታዋለች።

«ሁለታችሁም እዚህ ስለነበራችሁ ነው» አለች።

ድምጿን አላነሳችም። እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሴቶቹ ወዳሉበት ሄደች። እህቷን ምን ልትላት እንደነበር እስከ ዛሬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም።