ሚኒሞ የማትይዘው መኪና

ሞጣ ካለው ጋራዤ ሲወስዱኝ እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም። ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው። ጥፋቴ ጋራዡ ውስጥ ስብሰባ ተደርጓል የሚል ነበር። ስብሰባ የሚባል አልነበረም፤ ሦስት ሰዎች ሬዲዮ ሰምተዋል። ድምፁን ከፍ ያደረግኩት እኔ መሆኔን ግን አልክድም።

ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮቷ በቆርቆሮ ተመትታ በምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ብርሃን ትሰጣለች። አሥራ አንድ ሰው እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ክንዴ እስከ ክርኔ በግሪስ ጠቁሮ ሲያዩ ሸሹኝ። ከጎናቸው ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል።

«ና ወዲህ፣ ግሪስ ሰው አይገድልም» አሉኝ።

ጣቢያው አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ነበረችው። ጧት ጧት ሾፌሩ ሲያስነሳት ከክፍላችን ሆነን እንሰማለን። ነዳጅ ሲረግጥላት ደህና ታጓራለች፤ እግሩን ሲያነሳ ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። ይህን እኛ ሚኒሞ አትይዝም እንላለን፤ ቆማ በዝግታ መሥራት አቅቷታል ማለት ነው።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«ካርቡራተሯ ቆሽሾ ነው። ከበርሜል የተቀዳ ቤንዚን ነው የሚያጠጧት።»

«ሳታያት?»

«ጆሮዬ ይበቃኛል፣ ጋሼ።»

ሳቁብኝ። ሲስቁ ሳል ይቀድማቸዋል፤ ያኔ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በጠፋች ቁጥር እኔን ያዩኛል፤ እኔም «ቆሻሻ ነው» እላለሁ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ለመደው።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጧት ጋሼ መነሳት አቃታቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ ደረታቸውን አዳምጦ፣ «አሁኑኑ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይግቡ፤ እዚህ ኦክስጅን የለንም» አለ። የጣቢያው አለቃ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስረኛ በሕዝብ መኪና አይሄድም። የእኛዋም መንገድ ላይ ትቀራለች» ብሎ መለሰለት።

በሩን ደበደብኩ። «አለቃ፣ መካኒክ ነኝ። አስወጡኝና እኔ እሠራታለሁ።»

አስወጡኝ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። አንድ ካቻቢቴና አንድ ፒንሳ ሰጡኝ።

ሞተር እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ መኖር አለመኖሩ ነው። ይህን ለማጅ ያውቃል። ሞተሩ እየሠራ ቱቦው ላይ ውሃ ጠብ ታደርጋለህ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሻሻ ነው ስል ሰንብቼ የለ? በቀጥታ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሩን ፈታሁ።

እያንዳንዷን ብልት ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። ቀዳዳዎቿን በአፌ ነፋሁ፤ ምላሴ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። መስኮታችን እዚያው አጠገቤ ስለሆነ የጋሼ ትንፋሽ ይሰማኛል። እየተጎተተ ይመጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመጣል። ገጥሜ ስጨርስ ሾፌሩ አስነሳት። እንደ ጥንቱ ተንቀጠቀጠችና ጠፋች።

ያን ጊዜ ነው እንዳትጠፋ ሾፌሩን ነዳጅ አስረግጬ ውሃ የለመንኩት። ከካርቡራተሩ ኋላ ጣት የምታህል የጎማ ቱቦ አለች፤ ከሥሯ ተሰንጥቃለች። የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ መልሼ ሰካሁት። ሞተሯ ፀጥ ብላ ሠራች። ደስ ብሎኝ ቀና ስል፣ በራችን ላይ የቆመው ዘበኛ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር የፈጀሁት። ባምፐሩን ይዤ አለቀስኩ፤ በቤንዚን እጄ ዓይኔን ስጠርግ ይብስ አቃጠለኝ።

ከሰዓት በኋላ የጋሼን ሬሳ መርጡለ ማርያም አካባቢ ወዳለው አገራቸው እንዲያደርሱ ታዘዘ። አለቃው ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ፈርቶ፣ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ከመኪናው እንዳይወርድ አለ። በአገራችን ደግሞ ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰባት ቦታ ይቆማል፤ በየማረፊያው ካህናት ጸሎት ያደርሳሉ። ሾፌሩ የዚያው አገር ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ሰባት ቦታ መቆሜ ነው። እሳቸውን ጭኜ እየተንቀጠቀጠች ብትጠፋብኝ…» አለኝና አልጨረሰውም።

«በቃ፣ ተሠርታለች። ግባ» አለኝ አለቃው።

«አልተሠራችም» አልኩት።

ጣሳ ሙሉ ውሃ ሞተሯ ላይ አስቀመጥኩ። የሚኒሞዋን ብሎን በጣም በጥቂቱ አዞርኩ፤ ውሃው ይንቀጠቀጣል። ደግሜ አዞርኩ። አለቃው ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ሰዓቱን ብቻ አየ። ውሃው ቀጥ ብሎ እስኪቆም አልተነሳሁም። ከዚያ ሸሚዜን አውልቄ የፒካፗን ጀርባ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ጠረግኩና ከወገብ በላይ ራቁቴን ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ስፈታ ሞጣ ተመልሼ ጋራዤን ከፈትኩ። አሁን ካርቡራተር ያለው መኪና የሚመጣልኝ አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሜ ቱቦውን አያለሁ።

አንድ የገበያ ቀን የጋሼ ባለቤት ጠይቀው ጠይቀው መጡ። «ያን ቀን መኪናዋን የሠራሃት አንተ ነህ አሉኝ» አሉ። «ሰባቱም ላይ ቀስ ብላ ቆመችልኝ። አልተንገላቱብኝም። እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።» እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ትከሻቸውን ይዤ አስቀረኋቸው።

ስለ ቱቦው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ይምጣልዎት፣ እማማ?» ብቻ ነው የወጣኝ።

በየዓመቱ ሞጣ ሲመጡ ጎራ ብለው ይመርቁኛል። እኔም በየዓመቱ ቆሜ አሜን እላለሁ።