ያላሰጣሁት ፎጣ

ታላቅ ወንድሜን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሳስበው የሚመጣብኝ ፎጣው ነው። ውዱእ አድርጎ የተጠረገበትን ፎጣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ካላደረቀ ዳግመኛ አይነካውም ነበር። የቀበሌያችን የጤና ሠራተኛ፣ "ውሃው ሲደርቅ ክሩ ላይ ያለውን ቫይረስ ስቦ ይጨፈልቀዋል፤ ሁሉንም ባይሆን ብዙውን" ብላው ነበር።

"ውሃ ደግሞ ምን ጉልበት አለው?" ብዬ ሳቅሁበት።

"ዲሲ፣ ተው አንተ ግትር! ይድረቅ!" አለኝ፤ ሲቆጣ በኦሮምኛም "ተው" ማለቱ ነው።

በኮሮና ጊዜ ከሰንበቴ ገበያ እያሳለኝ መጣሁ። ፊቴን በፎጣው ጠርጌ፣ እርጥቡን ጠቅልዬ መደቡ ላይ ጣልሁት። ወንድሜም ሶላት ሲያጣድፈው በዚያው እርጥብ ፎጣ ተጠረገ። በሳሌ ይሁን በፎጣው፣ የያዘው ከእኔ ነው። እኔ ዳንሁ፤ እሱን ቀበርነው።

ለቀስተኛው "የአላህ ውሳኔ ነው" ይለኛል። አዎ፣ ነው። እርጥቡን የጠቀለልሁት ግን እኔ ነኝ።

መስጊድ ውስጥ በቀኜ ይቆም ነበር። ኢማሙ "ክፍተቱን ዝጉ" ሲሉ ሰዉ ሁሉ ይጠጋጋል። እኔ አልጠጋም።