በቀይ ባሕር ዳር የተተከለው የዲዴሳ ዱላ

የነቀምቴው ሞረዳ አጋሰስ ነጂ ነበር። መኪና ሥራውን ሳይቀማው በፊት፣ ከሲሬ እስከ ጊምቢ እግሩ ያልረገጠው ዳገት የለም። የዲዴሳን ወንዝ ሲሻገር ግን አይቸኩልም። መሻገሪያው መልካ ዘንድ ሲደርስ ዱላውን ከውሃው ጠርዝ ይተክልና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ውሃው ዱላው ላይ ከወጣ አጋሰሶቹን ይመልሳል፤ ከዱላው ከሸሸ ይገባል። በዚህ ዘዴ ወንዝ ያስበላው ሰው የለም።

በጃንሆይ ዘመን ልጁ ተረፋ ባሕር ኃይል ገብቶ ምጽዋ ተመደበ። ሞረዳና ሚስቱ ወርቂቱም ሊጠይቁት ያን ሁሉ አገር አቋርጠው ሄዱ። ልጁ በዕረፍት ቀኑ በሞተር ጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ወሰዳቸው። አሸዋዋ እንደ ተነፋ ዱቄት ነጭ ነው።

ተረፋ ያስቸገረውን ሞተር ሊያይ ከጀልባው ቀረ። «ሩቅ አትሂዱ፣ አባ። የዚህ ውሃ ጠባይ ሌላ ነው» አለ።

«ውሃ ልታስተምረኝ ነው?» አለና ሞረዳ መንገዱን ቀጠለ።

የዓሣ አጥማጆችን የእግር መንገድ ይዘው ደሴቷን ዞሩ። ከወዲያ ማዶ ቁጥቋጦ የበቀለባት የአሸዋ ጉብታ ታየቻቸው። በመካከል ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ሞረዳ እንደ ልማዱ ዱላውን ተከለ። ውሃው ሸሸ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ደመና የሚባል የለም።

«ላይ አገር ካልዘነበ ከየት ይሞላል? ኮቱ፣ ነይ ወርቂቱ።»

ተሻገሩ። ወርቂቱ ዛጎል እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ሞረዳ ወደ ኋላው ተመለከተ። ዱላው ባሕር ውስጥ ቆሟል፤ ውሃው ወገቡን ይዞታል።

«የት ዘንቦ ነው?» አለ ለራሱ።

«እዚሁ ሆነን እንጠብቀው» አለች ወርቂቱ።

ሞረዳ ቁጥቋጦውን አየ። የደረቀ የባሕር ሣር በደረቱ ትክክል ከቅርንጫፉ ተንጠልጥሏል። ዲዴሳ ሲሞላ የሚደርስበትን ዛፍ ላይ እንዲሁ አድርጎ ይጽፋል።

«እዚህም ይደርስብናል» አላት።

ኩታውን አውልቆ አንዱን ጫፍ በእሷ አንጓ፣ ሌላውን በራሱ አንጓ ቋጠረ። በዲዴሳ ቢሆን ወንዱ በላይ በኩል ቆሞ የውሃውን ግፊት ለሴቷ ይሰብርላታል። ይኼ ግን ከግራም ከቀኝም ይመጣል።

«በየት በኩል ልቁም፣ አባ ተረፋ?» አለች ወርቂቱ በልጃቸው ስም ጠርታው።

ሞረዳ ከኋላው አደረጋትና ዓይኑን ከዱላው ላይ ሳይነቅል ገባ። ውሃው ወገቡ ደረሰ፤ ከዚያም ደረቱ። ወርቂቱ አጭር ናት፤ ውሃው አገጯን ነካ። ዛጎሉን ቀድሞውኑ ለቃዋለች።

«እግሬ መሬት ለቀቀ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ፍታኝ። ለልጁ አንዳችን እንኳ እንትረፍለት።»

ሞረዳ ኩታውን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ አሳጠረው፤ ጀርባው ላይ እስክትለጠፍ ጎተታት። «ያዥኝ» አለ። ዱላው እየቀረበ፣ እያጠረ ሄደ። በመጨረሻ ጣቱ እንጨቱን ነካ፤ ከእንጨቱ ወዲያ መሬቱ ከፍ አለ።

ሲዘገዩበት ፍለጋ የወጣው ተረፋ ውሃውን እየገመሰ መጣና እናቱን አቀፈ። «ባሕር ዝናብ አይጠብቅም፣ አባ። በየቀኑ ይሄዳል፣ በየቀኑ ይመለሳል።»

ሞረዳ ቋጠሮው በውሃው ጠብቆ አልፈታ ስላለው፣ ጎንበስ ብሎ ከሚስቱ አንጓ ላይ በጥርሱ ይታገለው ነበር።

«ዱላህን ላምጣልህ?» አለ ልጁ።

ወርቂቱ ነጠላዋን እየጨመቀች ቀደመች። «ተወው። ሌላ የወለጋ ሰው ይመጣ ይሆናል።»