የጠዋቷ ኪኒን

ልጆች እወዳለሁ ብዬ አላውቅም። መምህርት የሆንሁት ሒሳብ ስለምወድ ነው፤ ልጆቹ ከሒሳቡ ጋር አብረው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር ካለው የሕፃናት ማሳደጊያ መጥተው "በነፃ የሚያስጠና ሰው ቸግሮናል" ሲሉኝ እሺ ያልሁት ከደግነት አልነበረም። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ያፈሳል። ማሳደጊያው ደግሞ ደረቅ ክፍልና ትኩስ ሻይ ነበረው። እንዲህ ብዬ የገባሁበት ግቢ ዓመታት አቆየኝ።

ያቋቋመው አንድ የክርስቲያን ማኅበር ነው። ልጆቹ ሁሉ ከተወለዱ ጀምሮ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ አብዛኞቹም እናት አባት የሞቱባቸው ነበሩ። የከተማው ሰው "የበሽተኞቹ ግቢ" ይለዋል። አልፎ አልፎ እንግዳ ይመጣል፤ ብስኩት ያድላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዓይኑን እየጠራረገ ይሄዳል። እኔ ንዴቴን መደበቅ አልችልበትም፤ አፌም አያርፍም። እንግዳ ሲመጣ ወጥ ቤት ሽንኩርት እንድልጥ የሚደረገው ለዚህ ነበር።

ልጅቱን ያወቅኋት በመጀመሪያው ጠዋት ነው። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች። በጠዋቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ "ሰዓት! ሰዓት!" ትላለች። ሕፃናቱ ዓይናቸውን እያሹ ይሰለፋሉ። ልጆቹን የሚያሳድጉት ሞግዚት መድኃኒቱን ይሰጣሉ፣ እሷ ውኃ ታቀብላለች፣ ከዚያ እያንዳንዱ ፊት ትቆምና "ምላስ!" ትላለች። ልጁ አፉን ከፍቶ ምላሱን ወደ ላይ ያነሣል። ኪኒን ከሥሩ ደብቆ የተገኘ ወዮለት፤ ሞግዚቷ ቢምሩት እሷ አትምርም። ማንም አልሾማትም፣ ራሷን ነው የሾመች። እኔም በሆዴ "ይቺስ እንደኔ ናት" አልሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኋት።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር። መድኃኒቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከቁርስ ጋር ይዋጣል። ሞግዚቷ ልጆቹ እንዳይዘናጉ ሲያስፈራሩ "ሰዓቱ ካለፈ መድኃኒቱ መድኃኒት አይደለም" ይሏቸው ነበር። ልጆቹም ይህችን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘዋታል። ልጅቱ ከፍ ስትልና ኪሎዋ ሲጨምር ሐኪሙ በቀን አንዴ የምትዋጠውን የትልቅ ሰው ኪኒን አዘዘላት። ያን ሰሞን በኩራት መሬት አልበቃትም።

አንድ ነገር ብቻ ያንገበግባት ነበር። በነሐሴ የከተማው ልጆች ነጠላቸውን ለብሰው በአጥሩ ሥር እያለፉ ለፍልሰታ ቅዳሴ ይሄዳሉ። የኛዎቹ ግን አይጾሙም፣ አይቆርቡም፤ ሞግዚቷ "ሕመምተኛ ጾም የለበትም" ብለው ቈርጠዋል። ልጅቱ የበሩን ብረት ይዛ ታያቸዋለች።

"እኔስ መች ነው የምቆርብ?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ስታድጊ።"

"ካደጉማ ማን ይቆርባል! የሚቆርቡት ልጆችና ሽማግሌዎች አይደሉ?"

በሳቅ ሞትሁ። ሞግዚቷም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ልጅ በዘመዱ ቤት ይደግ የሚል መመሪያ መጣ። ማኅበሩም ቢሆን ርዳታው ደርቆበት ነበርና እፎይ ያለ መሰለኝ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ማን ልጅ በማሳደጊያ ይደግ ይላል? ግን ልጆቹ አንድ በአንድ እየተጠሩ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ቤቱ ቀዘቀዘ። በሰኔ የሷ ተራ ደረሰ።

የመጣው የእናቷ ወንድም ነው፤ በስማዳ በኩል ካለ ገጠር፣ ጋቢ የደረበ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ገበሬ። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅሁት። አረፍ እንዳለ ግን እንዲህ አለ፦

"እኅቴን ስቀብር ይቺ ጡት ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ፈርቼ ነው የተውኋት። አሁን አልፈራትም። የምፈራው ሰው ነው። አገሬው የእኅቴን በሽታ በምች ነው የሚያውቀው። ይቺም እንዳለባት ከታወቀ ከማን ጋር ትጫወታለች? ማንስ ያገባታል? ለባለቤቴም አልነገርሁ።"

ምን ይባላል? ሞግዚቷ ከብልቃጡ ላይ ወረቀቱን ላጡለት፤ ሲያዝ እንዳይንኮሻኮሽም ጥጥ ጠቀጠቁበት። ከዚያ እንደ ተማሪ አስጠኑት። ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ከቁርስ ጋር። "ካለፈስ?" አሉት። እሱ ሳይመልስ ልጅቱ ቀደመችው፤ "መድኃኒት አይደለም!" አለች።

"ያጠራጠረዎ ነገር ካለ በማሳደጊያው ቢሮ ስልክ ይደውሉ" አሉና ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዘገቡለት።

በር ላይ ልጅቱ ወደኔ ዞር ብላ "ቲቸር፣ ፍልሰታን እዚያ ነኝ ማለት ነው?" አለችኝ። ዓይኗ ያበራ ነበር። ልስማት ስጎነበስ ማተቧ ጉንጬን ነካኝ። ሐምሌ ሲገባ አልጋዎቹ በአይሱዙ ተጫኑ፤ ሞግዚቷም ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ፤ ግቢው ተቈለፈ።

በጥቅምት አጎቷ መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ እያለ እዚህ ድረስ የሚመጣው የሚያውቀው ሰው እንዳይኖር ነው። የባቄላ እሸት በፌስታል አምጥቶልኛል። "ደኅና ናት፣ ወፍራለች፣ ሳቋ ቤቱን ሞልቶታል" አለኝ። እሸቱን እየፈለፈልሁ ስበላ ዋልሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥር ላይ መምጫው አለፈ፤ አልመጣም። በየካቲት ግን አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ አየሁት። ፊቱ ዐመድ መስሏል። "ተኝታለች፤ እርስዎን ትጠራለች" አለኝ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ሰጥቼ አብሬው ሄድሁ፤ መኪናው እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ በእግር።

መደብ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ አገኘኋት። ሳሉ ሲነሣባት ትንሿ ገላዋ ሁሉ ይናወጣል። የአጎቷ ሚስት፣ ደግ ሴት፣ "ምች ነው እትዬ፤ ዳማ ከሴ አሽቼላት ነበር" አሉኝ። ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቄ "ኪኒኑስ?" አልኋት። ልጅቱ ጥግ ያለውን ጎታ በዓይኗ አሳየችኝ። አጎቷ ተነሥቶ እጁን ገብሱ ውስጥ ከተተ። ብልቃጥ አወጣ፤ ሌላም አወጣ። ጥጡን ሲነቅለው ኪኒኖቹ እንዳሉ ናቸው። እንደሱ ያለ ፊት ዳግመኛ አያሳየኝ።

ነገሩን ከሁለቱም አፍ ሰማሁት። ፍልሰታ ሲደርስ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ሊቆርብ ተነሣ። ለመቁረብ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፍ አይዞርም። የጠዋቷ ኪኒን ደግሞ ከቁርስ ጋር ናት። ልጅቱ ትቅር ቢባል፣ እኩዮቿ በሙሉ ሲቆርቡ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ለብቻዋ ከቀረች ሰው ያማታል፤ ድንግልናዋን ይጠረጥራል። የንስሐ አባቱን ልጠይቅ ቢል፣ ምን መድኃኒት ነው መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ለጾሙ ቀናት ብቻ ትዝለለው አለ፤ ጾሙ ሲፈታ እንደምትጀምርም አስማላት።

"ታዲያ ከቅዳሴ መልስ ለምን አልዋጥሽም?" አልኋት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ አጎቷ ወደ በሩ አየ።

"ሰዓቱ አልፎ?" አለችኝ። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል በሚል ዓይን ነው ያየችኝ። "ካለፈ መድኃኒት አይደለም እኮ፣ ቲቸር።"

"ጾሙ ሲፈታስ?"

ጋቢውን ወደ አገጯ ሳበች። "ሳልውጥ ምንም አልሆንሁም። ወፈርሁ። ጥር ላይም ለአጎቴ ኪኒኑ ገና አላለቀም አልሁት። ሥጋ ወደሙ አድኖኛል ብዬ ነው" አለች። ከዚያ አለቀሰች። የምቆጣው ሰው ፈለግሁ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ አንድም አላገኘሁ።

ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ አደረሰን፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገባች። ሳንባዋን ቲቢ ይዞታል፤ የሚከላከል አቅም አልቀረላትም አሉን። መድኃኒቱን እንደገና ሊያስጀምሯት ሲሉ እኔ ሐኪሙን "የጠዋቱን ወደ ማታ ማዞር ይቻላል?" አልሁት።

"ለምን አይቻልም? በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን እንጂ ጠዋትም ማታም ያው ነው። ብትረሳም እንዳስታወሰች ትዋጠው" አለ፤ ከሚጽፍበት ቀና እንኳ ሳይል። ወጣት ሐኪም ነው፤ ምን እንዳለን አላወቀም። አጎቷ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ልጅቱ ሰምታለች። "ታዲያ ለመጪው ፍልሰታ..." አለች።

"ትጾሚያለሽ፣ ትቆርቢያለሽ፣ ማታ ትውጫለሽ" አልኋት።

ያን ዕለት ማታ ኪኒኗን እኔ ሰጠኋት። በአንገቷ ደግፌ ውኃውን አስጠጋሁላት፤ በስንት መከራ ዋጠችው። ኩባያውን ላስቀምጥ ዞር ብዬ ስመለስ አፏን ከፍታ ምላሷን ወደ ላይ አንሥታ ትጠብቀኛለች። ማንም አልጠየቃትም። "ጎበዝ" አልኋትና ዕንባዬን እንዳታይ ወደ መስኮቱ ሄድሁ።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ዐረፈች። የተቀበረች ያን ፍልሰታ በቆረበችበት ቤተ ክርስቲያን ነው። አብረዋት የቆረቡት ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ዳር ቆመው ያለቅሱ ነበር። አገሬው "እንደ እናቷ ምች ወሰዳት" አለ፤ አጎቷም እንዲሉት ተዋቸው።

ሰው ሲበተን ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ማታም ይቻል ኖሯል" አለ።

"ይቻል ነበር።"

"ደውዬ ነበር እኮ" አለኝ። "ፍልሰታ ሊገባ ሲል። ኔትወርክ ያለው ከዚያ ጉብታ ላይ ነው፤ ሰው እንዳይሰማኝ ከብት ፍለጋ መስዬ ወጣሁ። የሰጡኝን ቁጥር ደወልሁ። አንዲት ሴት የደወልኸው ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም አለችኝ። ተሳስቼ እንደሆን ብዬ በነጋታውም ወጣሁ። ያቺው ሴት ናት።"

ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቁጥሩን አሳየኝ፤ እስከ ዛሬ አላጠፋውም።

"ማንን ልጠይቅ ኖሯል፣ እትዬ?"

አፌ የማያርፈው እኔ ስልኩን ተቀብዬ ቁጥሩን አየሁት፤ ግቢው ሲቈለፍ አብሮ የተዘጋው የቢሮው ቁጥር ነው።