የካፒቴኑ ጣዎስ

ባለፈው ሰሞን ከደሴ ስመለስ አውቶቡሳችን ለምሳ ሸዋ ሮቢት ቆመና፣ ጥላ ፍለጋ ከገባሁበት ሆቴል፣ ባንኮኒው ላይ በተቀመጠ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ የጣዎስ ላባዎች ተሰክተው አየሁ። የሮቢት ሙቀት እንደ ድሮው ቁጭ ያለውን ሰው በላብ ያጠምቃል፤ ጣሪያው ላይ የሚዞረው ቬንትሌተር ላባዎቹን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዛቸው ጫፋቸው ላይ ያለው ዓይን አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ በሩ ይዞራል። “ምነው እማማ፣ ምግቡ አልጣመዎትም እንዴ?” አለችኝ አስተናጋጇ። “ጥሞኛል ልጄ” አልኳት። ገና እጄን እንኳ አልታጠብኩም ነበር።

ስለዚያ ላባ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው፤ ቀጥሎ አዲስ የተወለወለ መዳብ የሚመስል ክብ አለው፤ ከዚያ ውኃ ሰማያዊ ይመጣል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው ሰማያዊ ልብ አለ። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በጣሊያን ጊዜ፣ ከሮቢት ወረድ ብሎ ቀወት ውስጥ በነበረው ግቢያችን፣ የአንድ ሰው ነፍስ በዚህ ላባ ላይ ተንጠልጥላ ስለነበር ነው።

አባቴ ሙሄ ማሽላ ገበሬ ነበር። በወንጭፍ የሚተካከለው አልነበረም፤ ማሳው መሐል በእንጨት ከተሠራው ማማ ላይ ቆሞ ድንጋይ ሲያስፈነጥር የወፍ መንጋ እንደ ጭስ ይበተናል። ልጆቹ ሁለት ነበርን፤ የመጀመሪያው ሰይድና የመጨረሻዋ እኔ። በመካከላችን የተወለዱት አላደጉም። እኔ ገና ትንሽ ሳለሁ ሰይድ ጎልማሳ ነበር፤ ደጋ ላሉት አርበኞች ዱቄት በአህያ ጭኖ ሲሄድ ጀውሃ ላይ ባንዶች ያዙት። ወዲያው ጣርማ በር ወስደው፣ ተራራው ተበስቶ መንገድ ከሚወጣበት ቦታ፣ ከእስረኞች ጋር ድንጋይ ፈላጭ አደረጉት። አባቴ ስንቅ ቋጥሮ ያንን ዳገት ይወጣል፤ ከበር ይመልሱታል፤ እንደገና ይወጣል።

ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ የእስረኞቹ አለቃ የሆነው ካፒቴን አስጠራው። ካፒቴኑ ጥንድ ጣዎሶች ነበሩት። ሴቷን የጣርማ በር ብርድ ገደላት፤ ወንዱም ያስለው ጀምሯል። ይህ ሰው ከቆላ ነው፣ ስለ ወፍ ያውቃል ብሎ አንዱ ነግሮታል መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር አባቴ ስለ ወፍ የሚያውቀው ማባረሩን ብቻ ነበር። ካፒቴኑ በአስተርጓሚ በኩል እንዲህ አለው፤ “እኔ ለሕክምና ወደ አስመራ እሄዳለሁ። ክረምቱ ሲወጣ እመለሳለሁ። ያኔ ወፌን ደህና አድርገህ ብታመጣልኝ ልጅህን ይዘህ ትሄዳለህ።”

አባቴ ጣዎሱን በትልቅ ቅርጫት አህያ ላይ ጭኖ ሲመጣ ጭራው ከኋላ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አየው። እናቴ ግን አንዴ ገልመጥ አድርጋው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ “ያንተ እንግዳ በላ?” ነበር የምትለው አባቴን።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ዶሮ ቆጥ ላይ አሳደርነው። ጠዋት ስናየው ግድግዳው ጭራውን አጣጥፎት ሁለት ላባዎች ተሰብረዋል። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። በዚያው ቀን ማሳው ላይ የነበረውን ማማ አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ አመጣና ግቢያችን ውስጥ እንደገና አቆመው። ከላይ በሣር ከደነው፣ ጭራው እንደ ልብ የሚወርድበት ረጅም ቆጥ አበጀለት፣ ዙሪያውን በጭራሮ አጥሮ በር አወጣለት፤ ሸለምጥማጥ እንዳይወጣበትም የማማውን እግሮች በግራር እሾህ ጠመጠማቸው። ሥሩ ላይ ደረቅ አመድ አፈሰስንለት፤ እሱም በቀትር እዚያ ውስጥ እየተንደባለለ ተባዩን ያራግፋል። እኔ ምስጥ እየቆፈርኩ አበላዋለሁ፣ የቅል ውኃውን እቀይራለሁ። ጩኸቱ ልክ እንደ ሰው ነበር፤ ድረሱልኝ የሚል ሰው። ፍየሎቻችን እስኪለምዱት ስንቴ ገመዳቸውን በጥሰው ሄዱ! ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ ራሱ ወጥቶ በሩን በጠፍር ያስረዋል፤ ይህን ለእኔም ለእናቴም አምኖ አይሰጥም።

ነሐሴ ሲጋመስ ላባው መውደቅ ጀመረ። በመጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ በየቀኑ፣ ከዚያ ገና ሲራመድ እንኳ ይረግፍ ጀመር። እንዲህ ያለ ወፍ ከዚያ በፊት ያየ ሰው በአካባቢው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ አፍ የሰው ዓይን ነው አለ። ሼሁ ሂርዝ የሚሉትን ክታብ ጽፈውለት ማማው ላይ ተንጠለጠለ፣ ግቢያችን ለእንግዳ ተዘጋ፣ አባቴም ወፉን በሻሽ ሸፍኖ ያስቀምጠው ጀመር። የወደቁትን ላባዎች እየለቀመ፣ እያበሰ ጣሪያው ሥር ይሰካቸዋል። መስቀል ሲደርስ ያ ሁሉ ግርማ ሄዶ ጣዎሱ ረጅም አንገት ያለው የተነጨ ዶሮ መሰለ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የአባቴን ፊት ሳይ ተመለሰ።

መልእክተኛው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ካፒቴኑ ተመልሷል፣ ወፉን ይዘህ ና፣ ልጅህንም ውሰድ ይላል።

እናቴ የማሽላ ቂጣውን ጥላ ተነሣች። “ላባ ኖረው አልኖረው ምን አገባህ? ተነሥ ሂድ! ልጄን አምጣልኝ!”

“የተቀበልኩት እኮ እንዲህ አልነበረም” አለ አባቴ። “ይኼን ባሳየው ወላሂ ሰይድን እፊቴ ነው የሚገድለው። ትንሽ ይዳን። ትንሽ ብቻ።”

መልእክተኛውን ወፉ ደህና ነው፣ ወንዙ ሞልቶብኝ ነው፣ ሲጎድል እመጣለሁ በልልኝ ብሎ ሰደደው። ወንዙ ያኔ ቁርጭምጭሚት አያደርስም ነበር።

አባቴ ውሸታም ሰው አልነበረም፤ በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ከወፉ ጀርባ እሾህ የመሰሉ የአዲስ ላባ ጫፎች ብቅ ብቅ አሉ። አባቴ አየና ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሌት ተቀን ከሥሩ አልነቃነቅ አለ፤ ያለ ማማና ያለ ጠባቂ የቀረውን ማሽላችንን በዚያ ሰሞን ግሪሳ ወፍ ወረደበትና አገዳ ብቻ አስቀረልን። ወፍ በማባረር ስሙ የታወቀው ሙሄ ለአንድ ወፍ ሲል ማሳውን ለወፍ ሰጠ ብለው ጎረቤቶች በየጥላው አወሩ። የበላነው የዘመድ እህል ነው። የካቲት ላይ ግን ጣዎሱ ጭራውን እንደ ዣንጥላ ዘርግቶ በግቢያችን መሐል ዞረ፤ ከመጣበት ቀን ይልቅ አምሮ ነበር። አባቴ ጭራውን በእናቴ አዲስ ነጠላ ጠቅልሎ፣ ለሰይድ ልብስና ቆሎ ይዞ ዳገቱን ተያያዘው። እናቴ ግቢውን ጠረገች፤ እኔ እየዘፈንኩ አጥር ላይ ወጥቼ መንገዱን ስጠብቅ ሰነበትኩ።

ከሩቅ መጀመሪያ ያየሁት የወፉን ጭራ ነው።

ካፒቴኑ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል። እስረኞቹ በካሚዮን ተጭነው ሄደዋል፤ አንዱ ወደ ምጽዋ ነው ይላል፣ ሌላው ወደ ሞቃዲሾ። አዲሱ አለቃ ስለ ወፍም ስለ ሰይድም የሚያውቀው የለም። አስተርጓሚው ብቻ አባቴን ወደ ጥግ ወስዶ፣ “ምነው አባቴ፣ ምነው ሰው ቢጠይቁ ኖሮ!” አለው። “ይኼ ወፍ በየዓመቱ ላባውን ይጥላል። ልማዱ ነው። ካፒቴኑ ብዙ ቀን ጠብቆዎት ነበር።”

አባቴ ይህን ለእናቴ የነገራት ከአህያው ላይ ወፉን ሳያወርድ ነው። አንዲት ቃል አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። እናቴ ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ፤ እሷ ግን ሄዳ ለወፉ ውኃ ቀዳችለት።

ጣሊያን ከአገር ወጣ። የታሰረ ተፈታ፣ የተሰደደ መጣ፤ በየመንደሩ ከበሮ ተመታ። ሰይድ አልመጣም። አባቴ ግን በየማታው ወጥቶ የማማውን በር ያስራል፣ በየዓመቱ እሾሁን ይቀይራል፣ ላባው ሲረግፍ እየለቀመ ያስቀምጣል፤ ሲበቅል ደግሞ ያን ሰሞን ፊቱ ይፈታል። ጣዎሱ ያማረው አንድ ሹም በሬ እሰጥሃለሁ ብሎ ሰው ላከበት። እኔ ያኔ ልጃገረድ ሆኛለሁ፤ ቃሉን በደንብ ሰምቼዋለሁ። “ወፉ የኔ አይደለም ጌታው” አለ አባቴ። “ሰውየው የኔን ይዞ፣ እኔ የሱን ይዤ ነው የተለያየነው። የሱን ሰጥቼ ልጄን በምን እጠይቀዋለሁ?”

ጣዎሱ የሞተው በእርጅና ነው። አንድ ጠዋት ከማማው ሥር አመዱ ላይ ተኝቶ አገኘነው። አባቴ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫነበት። ከዚያ ታጠበና ጎረቤቶችን ጠርቶ “የሰይድን ለቅሶ እቀመጣለሁ” አለ። ሩቅ አገር ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላት ተሰገደ። ከሩቅ የመጡ አንዳንዶች ሙሄ ለወፍ ለቅሶ ተቀመጠ ብለው አውርተዋል አሉ፤ ያውሩ። እኔ አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ያለ ድምፅ።

እናቴ አላለቀሰችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አባቴም ካለፈ በኋላ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። የሰይድን መሞት አባቴ ወፉን መልሶ ያመጣው ቀን እንዳወቀችው፣ ለብቻዋ እርሻ ውስጥ እየሄደች አልቅሳ እንደጨረሰችው ነገረችኝ። “ታዲያ ለምን ለአባዬ አልነገርሽውም?” አልኳት። “ወፉ እያለ?” አለችኝ፤ “ማን አንጀት አለው?”

ያ ግቢ ዛሬ የሽንኩርት ማሳ ሆኗል ይሉኛል። ሄጄ አላየሁትም። አስተናጋጇ ዓይኔን ከላባው ላይ አለመንቀሌን አይታ “እማማ፣ ከወደዱት አንዱን ይውሰዱ” አለችኝ፤ ደግ ልጅ ናት። “ይቅር ልጄ” አልኳትና ከፍዬ ወጣሁ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር።

በመስኮት በኩል የማሽላ ማሳዎቹን እያየሁ ወንድሜን ለማስታወስ ሞከርኩ። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ይዞር ነበር ይሉኝ ነበር፤ እውነትም ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር እጄ ላይ ይሰማኛል፤ ከላይ ሆኜ ያየሁት እሱን ነዋ። ፊቱ ግን የለም። ፎቶ አልነበረውም፣ ፊቱን የሚያውቁትም ሁሉ ሄደዋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። የልጅነቴን ዘመን በሙሉ እሱ ይመጣል ብለን አንድ ወፍ ስናይ ኖርን፤ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ሰይድ ብዬ ስጠራው የሚመጣልኝ ወፉ ነው።